ለቤተሰብ መኪና ጎማ ስንመርጥ፦ ከባቲ እስከ ጉጉፍቱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ የጎማ ወሬ የሚበዛው በዓመት ሁለቴ ነው። አንዱ ሰኔ ላይ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲያጉረመርም ነው። ሌላው ሰው ልጆቹንና እናቱን ጭኖ ለአረፋ፣ ለግሸን ወይም ለገና ሊወጣ ሲል ነው። እኔ ጎሚስታ አይደለሁም። ራቭ ፎር አለኝ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በሳምንት ብዙ ጊዜ እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። ጎማ ላይ ብዙ ስለተሳሳትኩ ሰው መጥቶ ይጠይቀኛል። የሚደጋገሙትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። መልሶቹ ለራቭ ፎር፣ ለተክሰን፣ ለስፖርቴጅ፣ ለቪታራና ለመሳሰሉት ናቸው። አይሱዙ ያለው ሰው ሌላ አማካሪ ይፈልግ።

"ኦል ሲዝን" የሚሉት ጎማ ምንድን ነው? ለእኛ አገር ይሆናል?

"ለሁሉም ወቅት" ማለት ነው፤ ስሙ የመጣው በረዶ ከሚከመርባቸው አገሮች ነው። እዚያ ሰው ሁለት ዓይነት ጎማ ይይዛል፤ አንዱ የበጋ፣ አንዱ የክረምት። የበጋው ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ላስቲኩ ይደርቅና መንገድ መያዝ ያቅተዋል። የክረምቱ ደግሞ ለብርድ ተብሎ የለሰለሰ ስለሆነ ሙቀት ላይ ቶሎ ይበላል። ኦል ሲዝን የሁለቱ አማካይ ነው። በሁለቱም አንደኛ አይወጣም፣ በሁለቱም አያሳፍርም።

እኛ ጋ መንገድ የሚዘጋ በረዶ የለም። ታዲያ ምን ያደርግልናል? ለእኛ ወቅት ማለት ከፍታ ነው። ኅዳር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጉጉፍቱ ማለዳ ብትነሱ ሣሩ ላይ ውርጭ ታያላችሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፣ ጉም ይቀበላችኋል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስትደርሱ ጃኬት ትጥላላችሁ። ባቲ ደግሞ መስኮት ታወርዳላችሁ። ደጋ፣ ወይናደጋና ቆላ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጎማ። ስለዚህ አዎ፣ ለወሎ ሰው ኦል ሲዝን ይሆናል። በነጠላ ቆላ ብቻ ወይም በደጋ ብቻ የሚኖር መኪና እኛ ጋ ብርቅ ነው።

ጎኑ ላይ የበረዶ ምልክት ስላለው ጨምሩ ቢሉኝስ?

አትጨምሩ። ኤም እና ኤስ የሚሉት ሁለት ፊደላት ጭቃና በረዶ ለማለት ነው፤ አምራቹ የጥርሱን አሠራር አይቶ ራሱ የሚጽፈው ነው። ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ መሐል የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት ግን በእውነተኛ በረዶ ላይ ተፈትኖ የሚሰጥ ነው። ፈተናው እውነት ነው፣ ግን እኛ አንፈተንም። በአማርኛ እንደ ጥጥ የሚከመረውንም እንደ ጠጠር የሚወርደውንም "በረዶ" ስለምንል ይምታታል እንጂ፣ ክረምት ላይ ደሴ የሚወርደው እንደ ጠጠር የሚንከባለለው ነው። ለሱ መድኃኒቱ እግርን ከነዳጅ ላይ ማንሳት ነው።

ቁጥሩን እንዴት ላንብብ? ሻጩ "ይገባል" ካለ አይበቃም?

አይበቃም። "ይገባል" እና "ልኩ ነው" የተለያዩ ናቸው። የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ትክክለኛው ልክና የነፋሱ መጠን እዚያ አለ። ወረቀቱ ተልጦ ከሆነ የመኪናው መጽሐፍ ውስጥ ፈልጉ።

ለምሳሌ 225/65 አር 17፣ 102 ኤች ይላል እንበል። 225 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። 65 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው። 17 የቸርኬው ልክ ነው፣ በኢንች። 102 አንዱ ጎማ የሚሸከመው ክብደት ምልክት ነው፤ 102 ማለት 850 ኪሎ ነው። 100 ከሆነ 800 ኪሎ ነው። ኤች የፍጥነት ጣሪያ ነው፣ በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር።

ሐረጎ ላይ 210 የሚነዳ ስለሌለ ፊደሉን የሚንቁ አሉ። የፍጥነት ፊደል ግን ጎማው ሙቀት የመቋቋሙም ምልክት ነው። ከተጻፈው አትውረዱ።

የክብደቱን ቁጥር በተለይ አትናቁ። ከገጠር ስትመለሱ መኪናው ውስጥ ያለውን አስቡት። አምስት ሰው፣ አንድ ኩንታል ጤፍ፣ ማር በጀሪካን፣ ላይ ፖርቶ መጋላው ላይ ሻንጣ። እናቴ በዚህ ላይ በግ ካልጨመረች አይሆንላትም። ቁጥሩ ከፋብሪካው ያነሰ ጎማ ይህን ተሸክሞ ቁልቁለት ሲወርድ ጎኑ ይግላል። የጋለ ጎን ነው የሚፈነዳው።

ስንት ፕላይ ይሁን?

ፕላይ የጎማውን ጥንካሬ የሚናገር የንጣፍ ቁጥር ነው። "ባለ 10 ፕላይ አምጣ፣ ድንጋይ አይበሳውም" የሚል ምክር ሁሌ እሰማለሁ። ያ የጭነት መኪና ጎማ ነው። ለቤተሰብ መኪና ሲታሰር ያንገጫግጫል፣ ልጆች ያስመልሳቸዋል፣ ነዳጅ ይበላል፣ እርጥብ አስፋልት ላይም መንገድ መያዝ ያቅተዋል። በወረቀቱ ላይ ያለውን የክብደት ቁጥር ካሟላ ፕላይ አትጠይቁ።

የተሠራበት ዓመት እንዴት ይታወቃል?

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፣ ገንዘቤ የተበላው እዚሁ ነው።

ጎኑ ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚሉ ፊደላት በኋላ የሚመጣ ረጅም ኮድ አለ። መጨረሻው ላይ አራት አኃዝ ታገኛላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። በአንዱ ጎን ካጣችሁት በሌላው ጎን ነው፤ ጎሚስታው ከቸርኬው በታች አጎንብሶ እንዲያይላችሁ አድርጉ።

ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ወጥመዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በ2014 ሰኔ ላይ አራት ጎማ ልገዛ ገባሁ። ኮዱ 3214 ይላል። ሻጩ "14፣ የዘንድሮ ነው፣ ትኩስ" አለኝ። "32ስ?" አልኩት። "እሱ የሳይዝ ነው" አለኝ። ዓይኔ እያየ አመንኩት። 3214 ማለት የፈረንጆቹ 2014፣ 32ኛ ሳምንት ነው። በእኛ ነሐሴ መግቢያ 2006 ዓ.ም. ማለት ነው። ስምንት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ጎማ ከነፕላስቲኩ አዲስ ብዬ አሰርኩ። ሻጩ ራሱ አውቆ ይሁን ሳያውቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በሁለተኛው ክረምት ጎኑ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ መጣ። አንድ ቀን ካፊያ እየጣለ ሐረጎን ስወርድ፣ ኩርባው ላይ መኪናው ሳልጠይቀው ወደ ውጭ ሄደ። ብዙ አይደለም፣ አንድ ሜትር ቢሆን ነው። ባለቤቴ ኮምቦልቻ እስክንደርስ ቃል አልተነፈሰችም። የጎማው ጥርስ ግን ገና ሙሉ ነበር። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል። ፀሐይና አየር ያደርቁታል። መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ጎማም ዕድሜው ይቆጠራል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሳምንቱ ከ37 በፊት ከሆነ ከዓመቱ 8 ቀንሱ። 37 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 7 ቀንሱ፤ መስከረም 1 የሚውለው እዚያ ሳምንት ላይ ነውና። 0918 ቢል፣ 9ኛ ሳምንት፣ የፈረንጅ 2018 ነው። ስምንት ስትቀንሱ 2010፣ የካቲት።

እኔ አሁን ከተሠራ ከሁለት ዓመት በላይ የሆነውን አልገዛም። የታሰረ ጎማ አምስት ዓመት ካለፈው በየዓመቱ ይታይ። ብዙ መኪና አምራቾች ከ6 ዓመት በኋላ ቀይሩ ይላሉ። ጎማ አምራቾች ደግሞ የቱንም ያህል ቢያምር ከ10 ዓመት አታሳልፉት ይላሉ። ስኮርቱንም ቁጠሩ። ብዙ መኪና ላይ ከአምስቱ ጎማ ትልቁ ሽማግሌ እሱ ነው።

ጎኑ ላይ ያሉት ትሬድዌር፣ ትራክሽንና ቴምፕሬቸር ለምን ይጠቅማሉ?

ትሬድዌር ቁጥር ነው፤ ሲበዛ ጎማው ቶሎ አያልቅም። ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ስለሆነ የአንዱን ኩባንያ ከሌላው ጋር ማወዳደር ብዙ አያስኬድም። ትራክሽን እርጥብ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ የመቆም ችሎታ ነው። ደብል ኤ ይበልጣል፣ ቀጥሎ ኤ፣ ቢ፣ ሲ። ቴምፕሬቸር ሙቀትን መቋቋሙ ነው፣ ኤ ይበልጣል።

ገበያ ላይ ሰው የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ነው፤ "ስንት ዓመት ይሄዳል?" እኔ ከታች ወደ ላይ ነው የማነበው። ቴምፕሬቸር ኤ ለባቲና ለቆቦ ሜዳ። ትራክሽን ቢያንስ ኤ ለደሴ ክረምት። ትሬድዌር ከተረፈ። የማያልቅ ጎማ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ጎማ ነው። ደረቅ ጎማ ዝናብ አይወድም።

ወደ ገጠር ስለምወጣ የጭቃ ጎማ ላድርግ?

በወር ስንቴ ነው የሚወጡት? ቆጥረው ይንገሩኝ። ሰው ስለ ገጠሩ ሲያወራ በየቀኑ የሚሄድ ይመስላል። ሲቆጠር በዓመት አራት ጊዜ ይሆናል።

ሦስት ዓይነት አለ። ኤች ቲ የሚሉት ለአስፋልት ነው፤ አብዛኛው ኦል ሲዝን እዚህ ውስጥ ነው። ኤ ቲ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም ነው፤ ጥርሱ ሰፋ፣ ጎኑ ጠንከር ይላል። ኤም ቲ የጭቃ ነው። ኤም ቲን እርሱት፣ አስፋልት ላይ እንደ ወፍጮ ይጮኻል።

ከመንገዳችሁ አምስት እጅ አራቱ አስፋልት ከሆነ፣ ማለትም ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ፣ አልፎ አልፎ አዲስ አበባ ከሆነ፣ ኤች ቲ ይበቃችኋል። በየሳምንቱ ፒስታ ላይ የምትውሉ፣ ለምሳሌ በሥራ ወደ ደላንታ ወይም ወደ ወረኢሉ ቀበሌዎች የምትመላለሱ ከሆነ ኤ ቲ ያዋጣል። የተሰነጠቀ ድንጋይ ጎኑን በቀላሉ አይቀደውም። ዋጋውን ግን እወቁት። ይከብዳል፣ ነዳጅ ይጨምራል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ስትይዙም ከጥሩ ኤች ቲ ይልቅ ብዙ ጊዜ ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው። ደሴ ለሚኖር ሰው ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም።

የጃማ ዋልካ ሲረጥብስ? ያን ጊዜ ኤች ቲውም ኤ ቲውም እኩል ናቸው። ጭቃው ጥርሱን ሞልቶ ሊሾ ያደርገዋል። ዋልካን የሚያሸንፍ ጎማ በእኛ መኪና ልክ የለም። መንገዱ እስኪደርቅ ቡና ጠጡ።

ሁለት ብቻ ነው አቅሜ። አዲሶቹን የት ላሰር?

ከኋላ። ጎሚስታው ይከራከራችኋል። "መሪው ያለው ፊት ነው፣ ሞተሩም ፊት ነው የሚነዳው" ይላል። ልማዱ እንደዚያ ነው፣ እኔም ለዓመታት እንደዚያ አድርጌያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እርጥብ ኩርባ ላይ ፊት ጎማ ሲንሸራተት መሪው ቀለል ይልባችኋል። እግር ስታነሱ መኪናው ቀስ ብሎ ይመለሳል። የኋላው ሲንሸራተት ግን ቀድሞ የሚነግራችሁ የለም። ቂጡ ይዞራል፣ መኪናው ወደመጣበት ይመለከታል። የገደል ዳር መንገድ ላይ የትኛውን ትመርጣላችሁ? ፊተኞቹ ቶሎ ያልቃሉ፣ እውነት ነው። ሲያልቁ ደግሞ የኋለኞቹን ወደ ፊት አምጥታችሁ አዲስ ከኋላ ታስራላችሁ።

አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ካላችሁ ግን በሁለትም ተጠንቀቁ። በአዲሱና በአሮጌው ጥርስ መካከል ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር በላይ ልዩነት ካለ ጎማዎቹ በእኩል ፍጥነት አይዞሩም። መሐል ያለው ማርሽ ያን ልዩነት ሲሸከም ይግላል፣ ይበላል። የሱ ጥገና የአራት ጎማ ዋጋ ያስንቃል። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ አራቱንም በአንድ ጊዜ ብትቀይሩ ይሻላል። ከዚያም በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ፊትና ኋላውን አዟዙሩ። የተራራ ኩርባ የፊት ጎማን ትከሻ ይላጫል።

ነፋስ ስንት ልሙላ? ደሴና ኮምቦልቻ ይለያያል?

በበሩ ምሰሶ ላይ የተጻፈውን። ብዙ ጊዜ ከ32 እስከ 36 ፒኤስአይ ነው። አንዳንድ ቦታ ሳይጠይቁ 40 ይሞላሉ። 40 የሞላ ጎማ መሐሉ ብቻ መንገድ ይነካል፣ እርጥብ ላይ ይንሸራተታል።

ከፍታውን የጠየቀኝ አንድ የፊዚክስ መምህር ነው፣ ደስ ያለኝ ጥያቄ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ስትወጡ የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው 1 ፒኤስአይ ገደማ ጨምሮ ያሳያል። ደሴ ግን ቀዝቃዛ ናት፣ ቅዝቃዜው ደግሞ ከግማሽ በላዩን መልሶ ይቀንሰዋል። ተጣፍተው ምንም አይቀርም ማለት ይቻላል። አብሽሩ፣ ለሱ ብላችሁ አትቁሙ።

የሚጎዳው ሌላ ነው። ጎማ እየተነዳ ሲሞቅ ነፋሱ በጥቂት ፒኤስአይ ይጨምራል። ሰው ቆላ ወርዶ፣ ጎማው እንደ ምጣድ ግሎ ሳለ ያስለካና "በዝቷል" ብሎ ያስተነፍሳል። ሲነጋ ደሴ ላይ ጎማው ጎድሎ ያድራል። የጎደለ ጎማ ጭነት ሲያገኝ ጎኑ ይተጣጠፋል፣ ይግላል። ሁሌም ጠዋት፣ ሳይነዳ ለኩ። ትንሽ መለኪያ ገዝታችሁ መሳቢያው ውስጥ አኑሩ። ናይትሮጅን ለሚሉት ገንዘብ አታውጡ፣ የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶ ናይትሮጅን ነው።

መቼ ነው "አልቋል" የሚባለው?

በጥርሶቹ መሐል ባለው ቦይ ውስጥ አግድም የተኙ ትናንሽ ጉብታዎች አሉ፣ 1.6 ሚሊሜትር ከፍታ አላቸው። ጥርሱ ከነሱ ጋር ከተስተካከለ ጎማው ሞቷል። እኔ ግን ክረምት ሊገባ ሲል 4 ሚሊሜትር ካልቀረው እቀይራለሁ። ቦዩ ውኃውን ወደ ጎን የሚያስወጣበት ቦታ ሲያጣ መኪናው ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። በጣም የሚያንሸራትተው ደግሞ የመጀመሪያው ዝናብ ነው። የበጋው አቧራና ዘይት ከውኃ ጋር ተቦክቶ አስፋልቱን ሳሙና ያደርገዋል። እኛ በልግም ስላለን ይህ በዓመት ሁለቴ ይገጥመናል።

ያገለገለ ጎማ ልግዛ?

ባትገዙ። ከገዛችሁ ውስጡን በባትሪ እዩ፤ ልጥፍ፣ እብጠት፣ የተጣጠፈ ምልክት ካለ ተዉት። ዓመቱን ከላይ ባልነው ሒሳብ አስሉ።

ሲተነፍስስ? ካላማዳሪ ልጨምርበት?

ኮምቦልቻን አልፋችሁ ወደ ባቲ ስትወርዱ የግራር እሾህ ይጠብቃችኋል። መሐሉ ላይ የተወጋ ጎማ ይጠገናል። ቢቻል ጎማው ወልቆ ከውስጥ ይለጠፍ፤ ከውጭ በላስቲክ መወተፍ እስከ ቤት ለመድረስ ነው። ጎኑ ላይ የተወጋ አይጠገንም፣ ማንም ቢምል። ካላማዳሪ ለሌለው ተብሎ የተሠራ ጎማ ውስጥ ካላማዳሪ መክተት ሙቀት ይፈጥራል። ቁልቁለት ላይ ሙቀት አትፈልጉም።

ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ። ልዩነት አለው?

አለው። መንግሥት ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። ባትሪው ከባድ ስለሆነ ብዙዎቹ "ኤክስ ኤል" የተጻፈበት፣ ክብደት የሚችል ጎማ ይፈልጋሉ። ጉልበቱም በአንዴ ስለሚመጣ ዳገት ላይ ጎማ ቶሎ ይበላል። ሌላው፣ እንደ ፎልክስዋገን አይዲ 4 ያሉት የፊቱና የኋላው ስፋት ይለያያል። ፊቱን ወደ ኋላ ማዟዟር አይቻልም። አንዳንዶቹ ደግሞ ከፋብሪካው ስኮርት የላቸውም። ለገና ላሊበላ ልትሄዱ ከሆነ የኋላውን የዕቃ ቦታ ክፈቱና አሁኑኑ እዩ። ጋሸና ላይ በምሽት ከምታውቁት ደሴ ላይ በቀን ብታውቁት ይሻላል።